ሰሌዳ ላይ የለጠፍኳቸው ስሞች

ማክሰኞ
ዛሬም መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሁት ሁሉ ሄደ። ከአዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ኮምፒውተራቸውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተክለው፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ በወረቀት የመለሱትን እንዳስገባ አሳዩኝ። እንቅልፍ ይነሳሃል? ብቻህን ታለቅሳለህ? መኖር ያስጠላሃል? ማሽኑ «አዎ» ያሉትን ቆጥሮ የከፋቸውን ቀድሞ ይለያል አሉ። ደስ አለኝ። ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ማን እንደከፋው በዓይን አይለይም። ጣቴ ግን ፊደል ፍለጋ ሲንከራተት ዋለ።

ረቡዕ
ተጨረሰ። ሰባት ስም ወጣ። ዶክተሩ ሲሄዱ ለየብቻ አነጋግሪያቸው አሉኝ። ሰባቱም ቢሮዬ እንዲመጡ ስማቸውን ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ውጤትም ይሁን ቅጣት፣ እዚህ ሁሉም የሚነገረው በሰሌዳ ነው።

ሐሙስ
ማንም አልመጣም። አንዱ ተማሪ ወረቀቱ ላይ «የእብዶች ስም» ብሎ ጽፎበታል። ቀደድኩት፤ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ምን ነካኝ?

ከሰባቱ አንዷ ዳመነች ክፍል የለችም። ከገረሴ መጥታ እዚህ ሲቀላ ቤት ተከራይታ የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት። መኖር ያስጠላሻል ለሚለውም አዎ ብላለች። ቤቷ ሄድኩ። አብራት የምትኖረው ልጅ ልብሷን ይዛ ወጥታለች አለችኝ። ልብስ መያዟ ትንሽ አጽናናኝ። ቢሆንም ፈራሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ
በጭነት መኪና ገረሴ ወጣሁ። ዳመነች እናቷ ቤት አለች። ተመስገን።

እናቷ ልጄን እብድ ያለው ማነው ብለው በጋሞኛ ጠየቁኝ። ስሟን የለጠፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። በርጩማ አቅርበው ቁጭ በይ አሉኝ። ዳመነች ቀና አላለችም።

«ቲቸር፣ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው እውነቱን የጻፍኩት» አለች።

ይቅርታ ጠየቅኳት። በዓሥር ዓመት የማስተማር ዕድሜዬ ተማሪ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።

ማክሰኞ
ትናንት አልመጣችም። ዛሬ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ገባች። ልጆቹ ዞረው አዩዋት፤ እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

በእረፍት ሰዓት ቢሮ በር ላይ ቆመች። ዶክተሩ ይመለሱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

«እርስዎስ?»

«እኔ አለሁ።»

ገባች። በሩን ዘጋሁ። ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ወንበሬን ወደ እሷ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። የመግቢያ ደወል ተደወለ። ሁለታችንም አልተነሳንም።