ያለ አንቺ የተሠራው የዓሣ ሾርባ

ውድ አክስቴ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ስለሚባል፦ እንደምን ነሽ፣ እኛ ደህና ነን፣ አለቀ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አንቺ ሳትሰሚው ያለፈ አደጋ ነበር። ወንድምሽ ሊያስመልስሽ ነበር!

አባዬን «ወንድምሽ» ያልኩት ለምን እንደሆነ ይገባሻል። እዚህ ቤት ሰው ሲያጠፋ ወዲያው ያንቺ ዘመድ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከብ ላይ ምግብ ማብሰል ከጀመርሽ ወዲህ አባትሽ ምግብ አኩርፈዋል። ያስቸገራቸው አዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ እሳቸው የሚወቅሱት ግን የእኛን እጅ ነው። «ይሄ ሥጋ ነው ጎማ?» ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ስለ ጎማ መከራከር አይቻልም። ወንድምሽም ልብስ ሰፊ ነውና ችግሩን በሚያውቀው መንገድ ፈታው፤ አባትሽ በከሱ ቁጥር የሱሪያቸውን ወገብ ያጠባል። ሰኞ ዕለት ግን ሱሪውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ መርፌውን አስቀመጠ።

«ከዚህ በላይ የሚጠብ ነገር የለውም» አለ በመጨረሻ። «ነገ እራት ላይም ካልበሉ እደውልላታለሁ። ትምጣ።»

«የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ? ሥራውን እኮ ለሌላ ሰው ይሰጡባታል!» አልኩት።

«ሥራ ሌላ ትፈልጋለች። እኔ ሌላ አባት ከየት ላምጣ?»

በክርክር ሳይሆን በድስት ልመልስለት አሰብኩ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥንቱ የወጣ ዓሣ ገዛሁ። ያንን የታይላንድ ዓይነት ሾርባሽን ልሠራ ቆረጥኩ። ሆቴል ትሠሪ በነበረ ጊዜ ደክመሽ ስትገቢ ኮትሽን እንኳ ሳታወልቂ ድስት ትጥጂ ነበር። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ጠጅ ሳሩ ዘይት ላይ ጠብ ሲሉ፣ ከዚያ የኮኮናት ወተቱ ሲፈስበት፣ የተጣላው ሁሉ ጠቡን ትቶ ወደ ማድቤት ይመጣል። እኔ የጠፋ ካልሲዬን ሳላገኝ አንቺ እራት ታቀርቢያለሽ። ቸኩለሽ ግን አይቼሽ አላውቅም። ሰው ሳይቸኩል እንዴት ይፈጥናል? አጠገብሽ ቆሜ ስንቴ አየሁ፤ እስካሁን አልገባኝም።

እኔ ቸኮልኩ። አባትሽም ወንበራቸውን ስበው እንደ መንጃ ፈቃድ ፈታኝ በሩ ላይ ተቀመጡ።

«ይሄ ሣር ለማን ነው?»

«ለሾርባው ነው፣ አባባ።»

«በስተርጅና ሣር ልታስግጪኝ?»

ቃሪያውን ሰነጠቅኩ፣ ወተቱን ጨመርኩ። መረቁ ሲንተከተክ፣ ልክ እንዳሳየሽኝ፣ እሳቱን አጥፍቼ ዓሣውን ከተትኩና ከደንኩት። በመረቁ ትኩሳት ብቻ ይበስላል፤ ይህ ብልሃትሽ እኮ አስማት ነው የሚመስለኝ። ከዚያ ወንድምሽን ልጠራ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ወረድኩ።

ስመለስ ድስቱ ይንፈቀፈቃል። አባትሽ ጭልፋ ይዘው ያማስላሉ። ያ የሚያምር ዓሣዬ እንደ ተፈታ ሹራብ ክር ክር ብሏል።

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«ሞተሩ ጠፍቶብሽ ነበር፤ አስነሳሁልሽ» አሉኝ፣ ምስጋና እየጠበቁ።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ወንድምሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ሌላ ምን ላቀርብ? ሎሚ ጨምቄ፣ የድንብላል ቅጠል በትኜ፣ ጥፋቱን በየሳህኑ ቀዳሁት።

አባትሽ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ጥርሳቸውን አወለቁና በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያማ ቀና ሳይሉ በሉ! የሚታኘክ ነገር እኮ አልነበረውም።

«ድገሚኝ።»

ሳህናቸውን እንደገና ሞላሁት። ወንድምሽ አባቱን አየ፣ ስልኩን አየ።

«እና... እህቴ ጋ ልደውል?»

«ምን ሆነች?»

«እንድትመጣልዎት ነዋ።»

«ለምን ትመጣለች?» አሉ አባትሽ፣ ሳህኑን እየጠረጉ። «ሾርባውን እንደሆነ እኔ ሠርቼዋለሁ። ልጄን ከሥራዋ አታስተጓጉልብኝ!»

ወንድምሽ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አባትሽን ሳላርማቸው ቀረሁ። ይኩራሩ። ዛሬም ደግሞ አሠሩኝ፤ እሳቱን ራሳቸው ነው የጨመሩት።

አልዋሽሽም፣ ካንቺ ሾርባ ጋር አይገናኝም። ያንቺው ስልት ነበረው፤ የእኛው የሚያጠግብ ነው። የሆነው ሆኖ ቤቱ ቆሟል።

ስለዚህ አክስቴ፣ በጣም ናፍቀሽኛል፤ አትምጪ። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምልሽ። እዚያው ሁኚና የማድቤቱ ዋና ሹም እስኪያደርጉሽ አብስዪላቸው፤ የማያውቅሽ ባሕረኛ ሁሉ እኛ የምናውቀውን ይወቅ።

ምክትልሽ፣
የወንድምሽ ልጅ (ዛሬ ጥፋት የለበትም፤ አባዬ ልበለው)