የሩቅ መንደር ልጆች ሐኪም የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ አንዲት ቃል ሳይጨመርበት እውነት ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው የዶክተር ታናሽ ወንድም ብዕር ያነሣው፣ ውሸት ቢገኝበት የአባቱ አጥንት እሾህ ሆኖ እንዲወጋው በቤተሰቡ ፊት ምሎ ነው። እንዲያውም ብዙ ቀንሶለታል። ሙሉውን ቢጽፍ ወረቀቱ አይችለውም ነበር።

ዶክተር ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ሁለት ክፍል ባላት ቤት ውስጥ፣ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እንደ ሌላው ሕፃን አላለቀሱም፤ አዋላጇን ከእግር እስከ ራሷ ገርመም አድርገው እጇን መታጠቧን አረጋገጡ። ወንድማቸው ለመወለድ ገና ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር፤ ነገሩን ግን ቆሞ እንዳየ ሰው ያስታውሰዋል።

ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ አስተማሪዎቻቸው ጥያቄ የሚጠይቋቸው ሊፈትኗቸው ሳይሆን ራሳቸው ለማወቅ ነበር። የማያውቁት ነገር አልነበረም። አባታቸው የተበላሸ ሰዓት ሲያቅታቸው፣ “እስቲ ለልጄ ለእታለም አሳዩዋት” ይሉ ነበር። እሳቸውም ሰዓቱን አንድ ጊዜ አየት ካደረጉት በኋላ ደንግጦ መሥራት ይጀምራል። የሕክምና ትምህርታቸውን ጨርሰው በሕፃናት ካንሰር ሕክምና ልዩ ሙያ የተመረቁትም በዚሁ ዓይነት ነው፤ ፈታኞቹ ወጥተው እርስ በርስ ተመካክረው፣ ማን ማንን መፈተን እንዳለበት መስማማት አልቻሉም ይባላል።

በሆስፒታሉ የካንሰር መድኃኒት የሚያዘጋጁትን ፋርማሲስት አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ የሚሰጡት እንደ መድኃኒቱ ለክተው ነው። በቤቱ ውስጥ የመናገሩ ሥራ በዚህ ምክንያት በአማቻቸው፣ በዚሁ ጸሐፊ ላይ ወድቋል።

የዶክተር ታላቅ ሥራ የተጀመረው በሕፃናቱ ክፍል ነው። የደም ካንሰር የያዛቸው የከተማ ልጆች ሕክምናቸውን ጨርሰው፣ ፀጉራቸው አድጎ፣ ኮሪደሩን እየሮጡ ሲወጡ፣ ከሩቅ መንደር የመጡት ግን መሀል ላይ ይቀራሉ። በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፣ የሚተርፉት ግን የቅርቦቹ ነበሩ። አንዳንዱ ሐኪም “ወላጆቹ ቸልተኞች ናቸው” ይል ነበር፤ አንዳንዱም “ተስፋ ቆርጠው ነው” ይላል። ዶክተር ግን ይህን ልዩነት ለማጥበብ የምርምር ገንዘብ ለመጠየቅ ተነሡ። ገንዘቡ ለአንድ ጥናት ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ጠያቂው ግን ብዙ። ለሌላ ከተሰጠ፣ የሩቆቹ ልጆች እንደ ቀሩ ይቀራሉ።

ገንዘቡን የሚፈቅደው ኮሚቴ በቀጠራቸው ዕለት ወንድማቸው በራሱ መኪና አደረሳቸው። ባለቤታቸውም የወጪውን ዝርዝር ይዘው አብረው ወደ አምስተኛው ፎቅ ወጡ። ወንድማቸው ከታች መኪናው ውስጥ ቢቀርም የእህቱ ድምፅ አምስት ፎቅ ወርዶ ጥርት ብሎ ይሰማው ነበር። ከረፋድ እስከ ምሳ ሰዓት ተናገሩ። ሻይ ሲጠጡ በመስኮት አየት አድርገው ብቻ የደረሱበትን ምስጢር ዘረዘሩት። መድኃኒቱ የሚሰጠው በዕለቱ የልጁ ደም ተመርምሮ ነው፤ ላቦራቶሪው ደም የሚቀበለው ጠዋት ብቻ ሲሆን የሩቁ አውቶቡስ የሚደርሰው ግን እኩለ ቀን ሲቃረብ ነው። ወላጅ “ነገ ተመለሱ” ይባላል። ማደሪያ የሌለው ሰው ልጁን ታቅፎ በመጣበት ይመለሳል፤ ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነበት በኋላ ከነጭራሹ አይመጣም። ሰብሳቢው ይህን ሲሰሙ በመሀረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የኮሚቴው አባላትም ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ገንዘቡ እዚያው ተፈቀደ። ጥናቱ የተደረገው ለወግ ያህል ነው፤ መልሱማ አስቀድሞ እሳቸው ዘንድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የልጆቹ ደም በዋዜማው በየመንደራቸው ጤና ጣቢያ ይመረመራል፤ ውጤቱ በስልክ ይላካል፤ አውቶቡሱ ሲደርስ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዛሬ የሩቆቹ ልጆች ከቅርቦቹ ጋር እየተካከሉ ሕክምናቸውን ይጨርሳሉ። አሠራሩንም ሌሎች ሆስፒታሎች ወስደውታል። በወንድማቸው ግምት ዓለም በሙሉ ወስዶታል።

ዶክተር ጡረታ ከወጡ በኋላ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። መድኃኒት አልውጥም ብለው ባስቸገሩ ጊዜ፣ ድሮ ከሩቅ መንደር እየመጣች ያከሟት፣ ዛሬ መምህርት የሆነች ወጣት ልትጠይቃቸው መጥታ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

“ያንን መራራ ስተፋ አፍንጫዬን ማን ነበር የያዘኝ?” አለቻቸው። “በሉ ይዋጡ፤ አለዚያ ተራው የእኔ ነው።”

ዋጡላት።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በቤታቸው፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን ብርቅ ወንድማቸውንና በየመንደሩ ያሉ ቁጥራቸው የማይታወቅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ለስንቱ ሕፃን መንገድ ያሳጠሩትን እህታችንን ፈጣሪ በሰፊው ደጁ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለቤተሰቡ ተነቧል። ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያበቃ፣ ሌላው እንዳለ ይሁንና አንድ ነገር ብቻ ከሥሩ ይግባ ብለው ስለጠየቁ ቃላቸው እንዳለ ሰፍሯል፦

“አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ንግግር አላደረገችም። ሰብሳቢው ‘እነዚህ ልጆች ለምንድን ነው የሚቀሩት?’ ብለው ጠየቋት። ‘አላውቅም’ አለች። ‘ወላጆቹን አንድም ቀን አልጠየቅናቸውም፤ ገንዘቡን የምፈልገው ሄጄ እንድጠይቃቸው ነው’ ብላ ተቀመጠች። ከእሷ በፊት የገቡት ጠያቂዎች ሁሉ የየጥናታቸውን መልስ አስቀድመው ያውቁት ነበር። ገንዘቡ የተሰጠው ግን ለእሷ ነው።”