በወረቀት ላይ ደህና የሆነችው ልጃችን

ተስፍሽዬ፣

ሞት ከለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ቤቱ እንዳለ ነው፤ የጋራዡ በር ዛሬም ግማሽ ላይ ቆሞ ትንሽ ካላሰበ አይከፈትም። ሶስናችን ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ቁመቷ ጨምሯል፤ ቃላቷ ግን አሁንም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሰፈራችን በግሪን ቫሊ ራንች ሰማይ አውሮፕላን ሲያልፍ እንደ ድሮው ወደ ላይ ትጠቁምና ዞር ብላ አንተን ትፈልጋለች።

ቀን ቀን አንተ ስለምትጠብቃት እኔ ሙሉ ሰዓት እሠራ ነበር። አሁን ሥራዬን ቀንሼ እኔው እጠብቃታለሁ። ስለዚህ መንግሥት አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች የሚሰጠውን ድጋፍ አመለከትኩላት።

ከለከሉን። ምክንያቱን ሳነብ፣ ልጃችን በወረቀት ላይ ከእኔም ከአንተም የተሻለ ጤና እንዳላት ተረዳሁ። ድጋፉን የሚወስነው ቢሮ ለካ ትምህርት ቤቱን ጠይቆ ኖሯል። መምህሯም ያየችውንና የሰማችውን ጻፈች፦ ብቻዋን ትበላለች፣ ጫማዋን ራሷ ታደርጋለች፣ ወላጆቿም ስጋት የለባቸውም።

አልዋሸችም። ምሳዋን በጉርሻ ልክ ቆራርጠህ የምትልከው አንተ ነበርክ፤ ዛሬም እንዳንተው አደርጋለሁ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ፍለጋ የኦሮራ ከተማን ሱቆች ያዳረስከው አንተ። በየዓመቱ የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ፣ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሆነች ሲጠይቁህም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» ትል ነበር፤ እኔም አጠገብህ ሆኜ ራሴን በአዎንታ እነቀንቅ ነበር። የልጅን ጉድለት በሰው ፊት መዘርዘር ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች፣ ምስጋናችን ፋይል ውስጥ ገብቶ ማስረጃ ይሆናል ብለን መቼ ጠረጠርን?

ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባ አስጠርቼ ሄድኩ። አስተርጓሚዋ የእኛው ሰው፣ ትልቅ ሴት ናቸው። ሶስና ስትናደድ እንደምትናከስ፣ ከእጄ አምልጣ መኪና መሃል እንደምትገባ፣ ሽንት ቤት ብቻዋን መጠቀም እንደማትችል ስናገር ጠጋ ብለው፦

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ልበለው?»

«አንድም ሳያስቀሩ ይበሉልኝ፣ እማማ።»

አሉልኝ። ስምህ ሲነሳም ሳላቋርጥ ጨረስኩ። መምህሯ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ሶስና እንደ አዲስ እንድትመረመር ጠየቀች፤ የራሷንም ደብዳቤ ጽፋ ሰጠችኝ። ክልከላውን በመቃወም ለቢሮው ከጻፍኩት ይግባኝ ጋር አያይዤ ላክሁት።

መልስ ገና አልመጣም። እንደገና ከከለከሉን ዳኛ ፊት እቀርባለሁ፤ እዚያም ቢሆን ችግሯን አላሳምረውም። አትቀየመኝ። የምረሳህ ግን አይምሰልህ። ለሶስና አባቷ ማን እንደነበር፣ ለመንግሥት ደግሞ ሶስና ማን እንደሆነች፣ ሳልታክት እናገራለሁ።