ካርታቸውን ራሳቸው ያረሙት አክስታችን

አክስታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በጥር ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ከልጅነታቸው ጀምሮ አባታቸው ጨርቅ ላይ ሲያሰምሩ አጠገባቸው ቁጭ ብለው መዋል ይወዱ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው፣ ማለትም የእኛ አባት፣ «እሷ መቀስ ከያዘች መጋረጃችን አለቀለት» እያሉ ያሾፉባቸው እንደነበር እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው በ1963 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ጂኦሎጂን መረጡ። እናታቸው «ድንጋይ ለማየት ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ቢሉም፣ ለመስክ የሚሆናቸውን ወፍራም ካልሲ በእጃቸው የሠሩላቸው እሳቸው ናቸው።

በ1966 ዓ.ም. የሄዱበት የስድስት ሳምንት የመስክ ካምፕ ዕድሜ ልካቸውን የሚያወሩት ትዝታ ሆኖ ቀረ። ሃያ ሁለት ተማሪዎች፣ አራት ድንኳንና አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበሩ። የመጀመሪያው ሳምንት እርምጃ በመቁጠር አለቀ፤ መቶ ሜትር ለአክስታችን መቶ ሠላሳ አራት እርምጃ ነበር። ቀጥሎ የድንጋይ ንጣፍ ወዴትና ምን ያህል እንዳዘነበለ በኮምፓስ መለካትን ተማሩ፤ ዝናብ ቀለሙን እንዳያጥበው ማስታወሻ በእርሳስ ብቻ መያዝንም ለመዱ። መምህራቸው በዓይን የታየው በሙሉ መስመር፣ የተገመተው በተቆራረጠ መስመር ይሰመር ዘንድ አጥብቀው ያዝዙ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አክስታችን ሙቀቱ አድክሟቸው አንዱን ኮረብታ ሳይወጡ ቀሩና፣ እንዳዩት አድርገው በሙሉ መስመር አሰመሩት። መምህሩ «ወጥተሽዋል?» ሲሏቸው «አዎ» አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ራሳቸው ሄደው እውነቱን ተናገሩ። መምህሩም «ካርታሽን አምኖ የሚሄድ ሰው አንቺን አያውቅሽም» ብቻ ብለው ወደ ኮረብታው መለሷቸው።

ያን ቀን በጭነት መኪናው ያደረሷቸው የካምፑ ሾፌር ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ከእሳቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው «ከእሷ ጋር የሄድኩበት አብዛኛው መንገድ መንገድ አልነበረም» እያሉ ሁላችንንም ያስቁናል።

አክስታችን በካርታ ሥራ ቢሮ ዘጠኝ ዓመት አገልግለው በ1976 ዓ.ም. ወደ ተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተመለሱ። ካምፑን ለሃያ ስምንት ዓመታት ሲመሩ ተማሪዎቻቸው «እትዬ ኮምፓስ» ይሏቸው ነበር። እኛም የወንድም ልጆች በእረፍታችን አብረናቸው ሄደን፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው ገደል ሲወጡ ከኋላቸው እያለከለክን ተከትለናል። ያን የድንኳን ሸራ ሽታና ያን አቧራ ዛሬም ሳንናፍቀው ቀርተን አናውቅም።

በ1986 ዓ.ም. ግን ከባድ ነገር ገጠማቸው። አንዲት ዓይናፋር ተማሪ ማስታወሻዋን ይዛ መጥታ «መምህርት፣ እርስዎ ከሠሩት ካርታ ጋር አልገጠመልኝም፤ የተሳሳትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለቻቸው። አብረው ሄደው ሲያዩ፣ በወጣትነታቸው ደኅና አለት ነው ብለው ባሰመሩት ሸለቆ ሰፊ የመሬት ስንጥቅ ያልፍበታል። በዚያ ካርታ ላይ ተመሥርቶ ደግሞ የከተማው የውኃ ግድብ ሊጀመር ቀን ተቆርጦለት ነበር። ባልደረቦቻቸው «የስንት ዓመት ስምሽን በአንድ ደብዳቤ ታጠፊዋለሽ» ብለው መከሯቸው። አክስታችን በማግስቱ ካርታ ሥራ ቢሮው ድረስ ሄደው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ግድቡ ወደ ላይኛው ሸለቆ ተዛወረ። በታረመው ካርታ ላይ የተማሪዋ ስም ከእሳቸው በላይ እንዲሰፍር የጠየቁትም ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለኮሚቴ ሥራ የሚጠራቸው ጠፋ፤ ቅር እንዳላቸውም ለቤተሰቡ አልደበቁም። ሆኖም «እንደገና ቢሆን እንደገና እፈርም ነበር» ይሉን ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሦስት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና እኛን የወንድም ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመረምሯት የኖሩት ምድር በለስላሳ እጇ ትቀበላቸው፤ ፈጣሪም ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን።