የወደቀችበት ጥሻ

ጥቅምት 1 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ሽጉጥ አልገዛሁም። ሠፈራችን ፌርፋክስ ላይ አበሻው የሚያወራው ሐሰት ነው። ቤቴ ያለው ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ ነው። እሱም የእኔ አይደለም፤ የሟቹ ባለቤቴ የሀብተሥላሴ ነው። ሽጉጥና ጠመንጃ የማይለይ ሰው ባያወራ ምን አለበት?

ባለፈው ማክሰኞ ቁም ሣጥኑን ሳጸዳ ከነሣጥኑ ኮሪደር ላይ አውጥቼው ነበር። አቧራውን ስጠርግ ጎረቤት አየኝ። በቃ። ወሬውን ይዛልኝ የመጣችው ሐሌታ ናት፣ የእኅቴ የልጅ ልጅ።

"ዘቢዬ፣ ሲሪየስሊ ገን ገዛሽ እንዴ? ባንክ ልትዘርፊ ነው እየተባለ ነው።"

"አንቺ አይባልም።"

"ኦኬ። እርስዎ ባንክ ሊዘርፉ ነው?"

ሳቄ መጣ። አላሳየኋትም።

ሀብተሥላሴ ከሞተ አምስት ወሩ። ጠመንጃውን ለማን ልስጠው? የሚያውቅበት አንድ ሰው ነው... ተፈሪ፣ የአደን ጓደኛው። ቤቴን ከረገጠ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ያባረርኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ደወልኩለት። አነሳ።

"ዘቢደር ነኝ።"

"አወቅሁዎት፣ እትዬ።"

ማክሰኞ እመጣለሁ አለ። ከቫን ናይስ ድረስ። 

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

በሰዓቱ መጣ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ አልቋል። ደፉ ላይ ቆመ። ግባ አልኩት።

"እዚሁ ይሻለኛል። እግርህን አትድገም ብለውኛል እኮ" አለ፣ እየሳቀ። እየሳቀም አልገባም።

ቀኑን አልረሳሁትም። ጥቅምት 27 ቀን 1998፣ መድኃኔ ዓለም፣ እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሀብተሥላሴ ከተፈሪ ጋር ያደናትን ወፍ ራሱ ነጭቶ፣ ራሱ ወጥ ሠርቶ ጠበቀኝ። "ቆቅ" ይላታል። ቆቅ አይደለችም፤ ድርጭት ናት። ይህንንም በየዓመቱ አርሜዋለሁ... ሽንኩርቱ አርሮ ነበር። ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ እጁን ዘረጋ።

"ማን ባረካት?" አልኩ።

ተኩስ የጣላት ወፍ ነፍሷ ሳይወጣ ተደርሶባት፣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደች በክት ናት። እንዲያ ነው ያደግሁት። ሀብተሥላሴ ተፈሪን አየው። ከዚያ "ሞታ ነው ያገኘናት" አለ። ድስቱን አንስቼ ቆሻሻ ውስጥ ገለበጥኩት። ተፈሪንም፣ "በክት ይዞ ቤቴ የሚገባ እግሩን አይድገም" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሀብተሥላሴ ጥቅምት በገባ ቁጥር ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። "አልቀናኝም" ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ? እኔስ እንዴት አመንኩ?

ዛሬ ተፈሪን ጠየቅሁት።

"ጋሽ ሀብቴ ሳይቀናው? ምን ስቶ ያውቃል! እኔ ቤት ነበር የምንበላው።"

"ያቺስ... የደፋኋት?"

መሬት መሬት አየ።

"በሕይወት ነበረች፣ እትዬ። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። በስመ አብ ወወልድ ብዬ ነው ያረድኳት፣ እናቴ እንደምታስደርገኝ። ለእርስዎ እንደምትመጣ አውቅ የለ?"

"ታዲያ ለምን ሞታ አለ?"

"እኔ ጴንጤ ነኛ! ማን ባረካት ሲሉ 'ተፈሪ' ቢልዎት ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? ወፏን በክት አስባለና እኔን አዳነኝ።"

ምን እል ነበር? አውቀዋለሁ። 'መናፍቅ' የሚለው ቃል ያን ቀን ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ጠመንጃው ወረቀቱ በመሣሪያ ሱቅ በኩል ካላለቀ አይወሰድም አለኝ። ደረጃውን ወርዶ ሲያበቃ ዘወር አለ።

"ወፍ ጥሻ ውስጥ ወድቃ ስትጠፋብን ጋሽ ሀብቴ ሁሌ ምን ይል እንደነበር ልንገርዎት? 'ዘቢደር ብትኖር ታያት ነበር።'"

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዘቢደር ብትኖር... ነበርኩ እኮ። ፌርፋክስ ተቀምጬ ነበር።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አሰላ አስተማሪዎች ሳለን የሀብተሥላሴ ዓይን እኔ ነበርኩ። ቆቅ ከጥሻ ፈንድታ ስትነሣ ይተኩሳል። የተኮሰ ሰው የወደቀችበትን በትክክል አያይም፤ ጠመንጃው ይገፋዋል፣ ሌላዋን ይከተላል። የማየው እኔ ነኝ። ከቆምኩበት ንቅንቅ አልልም። ከወደቀችበት በስተጀርባ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ እመርጥና እጄን ወደዚያ ዘርግቼ፣ ዓይኔን ሳልነቅል እጮኻለሁ። "ወደ ግራ! ትንሽ ግራ! ቁም፣ እግርህ ሥር!" ሰንጢውን ይዞ ነፍሷ ሳይወጣ ይደርስባታል። በአራት ዓመት አንድ ወፍ አልጠፋብንም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መነኮሳት በማስመሪያ እየመቱ "ዓይንሽን ከመስመሩ አትንቀዪ" ይሉኝ ነበር። ሌላ ነገር ላይ ባይጠቅመኝ ለዚህ ጠቀመኝ።

እዚህ ከመጣን በኋላ ጥቅምት ሲጠባ ይለምነኝ ነበር። "ነይ፣ ዓይን ሁኚኝ።" እኔ ደግሞ፣ "በሰው አገር እንደ ሽፍታ ጫካ ለጫካ አልዞርም። ሰው ምን ይለኛል?" ከስንት ጊዜ በኋላ መለመኑን ተወ። መቼ እንደተወ እንኳ አልመዘገብኩም... ያለ ዓይን ልኬው፣ በጊዜ አልደረስክባትም ብዬ ፈረድኩበት።

ለተፈሪ ደወልኩ። አደኑ ቅዳሜ ይከፈታል።

"እኔም እመጣለሁ።"

"እትዬ! ሰማንያ ሞላዎት እኮ!"

"ሰባ ስምንት። ስትናገር ትክክል ተናገር።"

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የሀብተሥላሴን ሱሪ ለበስኩ። ወገቡ ሁለት እኔን ይይዛል፤ በቀበቶው አሰርኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ሱሪ። ሐሌታ በር ላይ አገኘችኝ።

"ኦ ማይ ጋድ! ፎቶ ላንሳሽ?"

"አታነሺም።"

አነሳችኝ።

ግሌንዴልን አልፈን ወደ ተራራው ወጣን። ተፈሪ የራሱን ጠመንጃ ይዟል። ሸለቆው ውስጥ ከላይ የኦክ ዛፍ ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ከሥሩ ደረት የሚደርስ፣ እጅ የማያስገባ ቁጥቋጦ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም። ከዚያ ወፎቹ ከእግራችን ሥር ፍርርር ብለው ተነሡ። ተኮሰ። አንዷ ወደቀች። እጄን ዘረጋሁ።

"ግራ! ግራ! ቁም!"

ቆመ። ጎንበስ አለ።

"የለችም፣ እትዬ።"

"እግርህ ሥር ናት እኮ!"

አልነበረችም። አንድ ብዬ የያዝኩት ቁጥቋጦ ሁለት ነበር። ቅርንጫፉ ቅርንጫፍ አልነበረም፣ ጥላ ነበር። ጉልበቱን እያመመው ቀትር እስኪሆን በእጁ ዳበሰ። ቆስላ እዚያው ጥሻ ውስጥ ቀረች።

"ይሁን፣ ያጋጥማል" አለኝ።

አይሁን። ዓይን በነበረኝ ጊዜ ከለከልኩት። አሁን ልሰጥ ስመጣ የምሰጠው የለኝም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የዓይን ሞራ ነው አለ ሐኪሙ። ሁለቱም። ቆይቷል፣ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው አለ። ከየትኛው ዓመት ጀምሮ? አልኩት። ማወቅ አይቻልም አለኝ።

ማወቅ እፈልግ ነበር።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ተፈሪ ደወለ። "ቅዳሜ ይቅርብን?" አለኝ። አይቀርም አልኩት። ቀጥሎ "እንግዲያው ሱሪውን ያሳጥሩት፣ እንዳይጥልዎት" አለ። አሳጠርኩት።  የእሱን ልብስ መቁረጥ...

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቶሎ ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

ያው ሸለቆ ነው። በዓይኔ እንደማልችል አውቄያለሁ፤ ስለዚህ ተፈሪን "ከተኮስክ በኋላ አትንቀሳቀስ፣ አትተንፍስ" አልኩት። ተኮሰ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የጠመንጃው ጩኸት ብቻ... ቀጥሎ ደረቅ ቅጠል። ሦስት ጊዜ ተርገበገበች። ዝም አለች። እንደገና አንድ ጊዜ።

እሱን ብልክ ጉልበቱ አያደርሰውም። ራሴ ገባሁ። እሾሁ ፊቴን ቧጨረው፣ ነጠላዬን ቀማኝ፤ ተውኩለት። ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ። ሞቃት ነበረች። ልቧ መዳፌ ውስጥ ይመታል።

"በሕይወት ናት! ቶሎ በል!"

እያነከሰ፣ እያለከለከ ደረሰ። የሀብተሥላሴን ሰንጢ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ከፈተውና ቆመ።

"እትዬ... እኔ ነኝ እኮ የምባርካት። ይበሏታል?"

ሴት አታርድም። ሌላ ወንድ የለም። ነፍሷ እየወጣ ነው። ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ አለፈ፣ ግን የመለስኩለት በዚያ አይደለም።

"ያኔም አንተ ነበርክ የባረክኻት። ባርካት።"

በስመ አብ አለ።  እኔም አሜን አልኩ።

 በሬ ላይ ወፏን አስረክቦኝ ሄደ። ዛሬም ደፉን አላለፈም።

ነጭቻታለሁ። ትንሽ ናት። ሀብተሥላሴ ለዚህች ሥጋ ነበር ሃያ ዓመት የዋሸኝ? አይደለም። ከእኔ አፍ ለመዳን ነው።

ነገ፣ ከሁሉ አስቀድሜ፦

ሳላስቀድስ ለተፈሪ እደውላለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ና፣ እለዋለሁ።

ለንስሐ አባቴ ማን እንዳረዳት ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ከሰው ከሚሰሙ።

ቆቋን እሠራለሁ። ሽንኩርቱን ትንሽ አሳርረዋለሁ።

በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ይቅርታውን ከምግቡ በፊት እጠይቀዋለሁ፣ ሐሌታም እየሰማች።

ከዚያ ጠቅልሎ ያጉርሰኝ። ምንም አልጠይቅም።