አማቴ ከግድግዳ ያወረዱት ሰሃን

ጥቅምት 6

ዛሬ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ጋር ኒውክሌር ጀመርን። አገራችንም የኒውክሌር ማመንጫ ልትገነባ ነው ስለተባለ ሁሉም ነቅቷል። የመጀመሪያው የኒውክሌር ማብላያ የተሠራው ከተማ መሃል፣ ስታዲየም ሥር ነው ስላቸው አላመኑኝም። ተማሪዬ ነስሮ፣ «ቲቸር፣ ጊደር መጋላ ገበያ መሃል እንደማለት ነው?» አለ። እንደዚያው ነው አልኩት። ኃይሉ ሳይታወቅ በፊትስ ዩራኒየም ለምን ይውል ነበር? ለሰሃን ማቅለሚያ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ቤት ስገባ አማቴ ቲማቲም በሎሚ አድርገው ጠበቁኝ። ካረገዝኩ ስድስት ወር ሆነኝ፤ ኮምጣጣ ካልሆነ አይወርድልኝም። የሚያቀርቡልኝ ደግሞ በሠርጋቸው ሰሃን ነው፣ በብርቱካናማው። እዚህ ቤት የግድግዳ ሰሃን ለዓይን ነው፤ ባሌ ናስር እንኳ በልቶበት አያውቅም። ማርገዜን የሰሙ ዕለት አውርደው አጠቡት። «ለልጄ ሚስት የምሰስተው ዕቃ የለኝም» አሉ። ስንት ምራት ይህን ታገኛለች?

ጥቅምት 12

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ዮናስ የጨረር መለኪያ አዋሰኝ። ለነገ ክፍል። ቤት ይዤው ገባሁና አማቴን ላስቃቸው ብዬ ትራሱን፣ ግድግዳውን ለካሁ። ጠቅ... ጠቅ... ብቻ። ከዚያ ከምሳዬ ሰሃን አጠገብ አለፈ።

ጮኸ።

አጠፋሁት። አበራሁት። ጮኸ።

«ምን ይላል?» አሉ።

ሰሃኑን ገፋሁት። ብርቱካናማው ቀለም ዩራኒየም ነው... ሎሚ ደግሞ ዩራኒየሙን ከቀለሙ ያወጣል። አራት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ። ከስድስት ቀን በፊት በገዛ አፌ አስተምሬ፣ ስቄ፣ መጥቼ በላሁበት። እኔ ነኝ የፊዚክስ መምህርት?

ጥቅምት 13

ክፍል አልገባሁም።

ጥቅምት 14

ሐኪሙ፣ «ዩራኒየም የሚጎዳው ኩላሊትሽም፣ ፅንሱም ደህና ይመስላሉ» አለ። ዮናስ፣ «መጠኑ ትንሽ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ይመስላሉ... ሳይሆን አይቀርም... ማን በዚህ ይተኛል?

ዮናስ ሰሃኑንም መለኪያውንም ወሰደ። ናስር ለእናቱ ነገራቸው። አላለቀሱም። «ወላሂ፣ ለክብርሽ ብዬ ነበር» አሉ። አውቃለሁ አልኳቸው። ግን ተናድጄባቸዋለሁ። በምን ጥፋታቸው? እንጃ። ተናድጃለሁ።

ኅዳር 20

አማቴ ምግቤን መንካት ትተዋል። በናስር እህት በሳዳ ነው የሚልኩልኝ። ንዴቴ ወጥቷል። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ጥር 11

ሴት ልጅ። ትናንት ጠዋት። ሦስት ኪሎ ከምናምን፣ ጩኸቷ ሰፈር የሚያነቃ። ሐኪሙ ዛሬ «ይመስላል» አላለም፤ «ጤነኛ ናት» አለ። አልሐምዱሊላህ።

አማቴ በር ላይ ቀሩ። ይግቡ እንጂ አልኳቸው። እጃቸውን ከሻሻቸው ሥር ደብቀዋል።

«መጀመሪያ በዚያ በሚጮኸው ዕቃ እጄን ለኪኝ» አሉ። «ሦስቴ ታጥቤያለሁ። ቢሆንም ለኪኝ።»

ክው አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ይዘው ነው የኖሩት? ሰሃን መንካት እጅ እንደማይመርዝ ማስረዳት የኔ ሥራ ነበር። ስለ አቶም ለመቶ ልጅ አስረዳለሁ፤ ለእሳቸው አንድ ቀን አላስረዳሁም። አሁን ብናገርም የሚያምኑት ዕቃውን ነው። መለኪያው ደግሞ የለም።

«ይህም ይለካል» ብዬ ስልኬን አነሳሁና መዳፋቸው ላይ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ቀኙን፣ ግራውን፣ ጣት በጣት። ድምፅ የለም።

«ንጹህ ነው፣ እናቴ» አልኳቸው። ውሸቱ መለኪያው ብቻ ነው።

በሁለት እጃቸው ልጄን ተቀበሉኝ።