ከአውራ ጣቴ ሥር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአቢጋኤል፣ መሬት ሲተነፍስ ትሰማለች ለተባለላት፤

እንዴት ነሽ? ብርዱስ? በላክሽው ፎቶ ላይ ኮት ደርበሽ፣ በኮቱ ላይ ሌላ ኮት ደርበሽ ሳይሽ «የጨንቻ ልጅ በብርድ ተሸነፈች» ብዬ ፎቶሽን ለሰፈሩ ሁሉ አዙሬ አሳይቻለሁ። ተስቆብሻል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከመኪናዬ ቀድሞ አረጀ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። መኪናዋም ደህና ናት፤ ዳገት ላይ ብቻ እንደ ጌታዋ ትለግማለች።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ ነገር ሲከብድሽ «አጎቴ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ትያለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። ነገ ወደ እናንተ አገር የሚበር አንድ መምህር አግኝቻለሁና በእጅሽ ያስረክብሻል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ፤ ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው።

ታዴዎስን ታስታውሺዋለሽ? በእናትሽ መንደር ጂኦግራፊ የሚያስተምረውን፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ የሚስቀውን። ባለፈው ሰሞን ቤቴ ድረስ ወረደ። አልሳቀም። ስልኩ ላይ ያገኘውን ጽሑፍ በወረቀት አሳትሞ አመጣልኝ። የእናንተ፣ የመሬት አጥኚዎቹ፣ ጥናት ነው። መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከመኪና ማንዋልና ከቱሪስት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ስለ ፍሬንና ስለ አዞ ከሆነ ማንንም አልፈራም። ይህኛው አለፋኝ። ግን ገባኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእናትሽ ቤት በላይ ያለው ቁልቁለት እየተንሸራተተ ነው ይላል። ቀስ ብሎ፣ ግን ሳያቋርጥ። ኃይለኛ ዝናብ ከወረደበት አንድ ቀን ባንድ ጊዜ ሊናድ ይችላል ይላል። ከጸሐፊዎቹ ስሞች ዝቅ ብሎ ካርታ አለ። አደጋው የሚብስበት ቦታ ቀይ ተቀብቷል። በቀዩ ውስጥ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ፤ ቤቶች ናቸው። ከምንጩ ራስጌ ያለችው፣ እንሰት የከበባት ነጠብጣብ አንቺ የተወለድሽበት ቤት ናት።

ጽሑፉ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ከተደረደሩት ስሞች ሁለተኛው ያንቺ ነው።

ለመሆኑ እነዚያን የብረት ካስማዎች ቁልቁለቱ ላይ የቀጠቀጠው ማን ነው? እኔ አይደለሁም? መሣሪያችሁን በመኪናዬ ጭኜ ያወጣሁት፣ ጭቃ ሲይዘን ገፍቼ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም? «ይህ ብረት ምን ይሠራል?» ስልሽ «ለጥናት ነው፣ አጎቴ» አልሽኝ። «መሬቱ እንዳይሸሽ ልታስሩት ነው?» ብዬ ቀለድኩ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። ቀልዴ እውነት ሆኖ ተገኘ። እውነት ሲሆን ግን አንዳችሁም ተመልሳችሁ «ካሱ፣ መሬቱስ እየሸሸ ነው» አላላችሁኝም።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ጥናታችሁን በጀመራችሁ በሁለተኛው ዓመት ሌሎቹ መጡ፤ የሰው አጥኚዎቹ። እናንተ አፈሩን ትጠይቃላችሁ፣ እነሱ ሰዉን ይጠይቃሉ። እዚሁ ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ታርፉ ነበር። እራት ላይ አንድ ጠረጴዛ ከባችሁ ዓሣ ትበሉ ነበር፤ እኔም አብሬ በልቻለሁ። ጨው አቀብሉኝ፣ አበላችን መቼ ይገባል ስትባባሉ ሰምቻለሁ። «ከእነዚያ ቤቶች በላይ ያለው መሬት ይሄዳል» ሲባል ግን አልሰማሁም።

እነሱን እናትሽ ቤት የወሰድኳቸውም እኔ ነኝ፤ አስተርጓሚም እኔው። አንዲት ታብሌት የያዘች ጨዋ ልጅ ጠየቀቻት፦

«እማማ፣ ከዚህ ኮረብታ መሬት ተንሸራቶ ይመጣብኛል ብለው ምን ያህል ይሰጋሉ? በጣም፣ በመጠኑ፣ ወይስ ምንም?»

በጋሞኛ ነገርኳት። እናትሽ ሳቀች።

«ልጄ እኮ እዚሁ ኮረብታ ላይ ስትለካ ከርማለች። ክፉ ነገር ቢኖር እኔን ሳትነግረኝ ትቀራለች? ምንም አልሰጋም በላት።»

እንዳለችኝ ተረጎምኩ። ልጅቷ «ምንም» የሚለውን በጣቷ ነካችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። እናትሽ ስለ አንቺ የተናገረችው ግን ታብሌቱ ላይ የሚገባበት ሳጥን አልነበረውም።

ታዴዎስ የሰው አጥኚዎቹንም ጥናት አግኝቶት ነበር። ምን እንደሚል ልንገርሽ? «የአካባቢው ነዋሪዎች ስለ መሬት መንሸራተት አደጋ ያላቸው ግንዛቤ እጅግ ዝቅተኛ ነው።»

አቢጋኤል፣ ይህን ሳነብ መዝገበ ቃላቱን ወርውሬ ድመቷን ልፈነክት ነበር። አንደኛችሁ ኮረብታው እንደሚሄድ ጻፋችሁ። ሌላኛችሁ እኛ ይህን እንደማናውቅ ጻፋችሁ። በመካከል አንድ ሰው አፉን ከፍቶ፣ ለእኔ ለሾፌራችሁ እንኳ፣ አልነገረም! አለማወቃችን ራሱ ጥናት ሆነላችሁ። እናትሽ ልጇን ማመኗ «ዝቅተኛ ግንዛቤ» ተባለ።

የምትዪውን አውቃለሁ። «ሪፖርቱን ለሚመለከተው ክፍል አስገብተናል» ትያለሽ። ክፍሉ መሳቢያ አለው፣ መሳቢያው ቁልፍ አለው፤ ናዳው ግን የሚወርደው መሳቢያው ላይ አይደለም። «ጽሑፉ እስኪወጣ አትናገሩ ተብለን ነበር» ትያለሽ። ይሁን። ከወጣስ በኋላ? ባለፈው ገና በቪዲዮ ደውለሽ ስለ እናትሽ ቆጮ ስታወሪ አመሸሽ። ስለ ቆጮው ካወራሽ፣ እንሰቱ ስለቆመበት መሬት አንዲት ቃል አትወጣሽም?

ወረቀቱን ይዤ መንደር ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ በሸንጎው ሜዳ፣ ዱቡሻው ላይ፣ በልጅነትሽ ድንጋዩን እየዘለልሽ ስትጫወቺ በተቆጡሽ ቦታ ተሰበሰቡ። ታዴዎስ አነበበ፣ እኔ ጨመርኩበት። አባ ኤርጫፎ ዱላቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ፦

«እባቡን ከሰው መኝታ ሥር አዩት?»

«አዎ፣ አባ።»

«ርዝመቱን ለኩ?»

«ለኩ።»

«የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅሱ ሄዱ?»

መልሴን አልጠበቁም። «ይህ ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ያደግሽበት ነው። ነውሩን የሠራው ሰው ራሱ ቆሞ ካልተናገረው በቀር አይነጻም።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ምስጥ የቀርከሃ ቤት ሥር ሲበላ ሰፈሩ ተጠራርቶ ቤቱን እንደሚያነሳው፣ አሁንም ተጠራራ። የጎረቤታችሁ የእነ ምሥጋና ቤት ቀድሞ ተነሣ። እግር አውጥቶ ዳገቱን ወጣ ብትዪ ይሻላል። ወንዶቹ ከውስጥም ከውጭም ተሸክመው፣ እየዘፈኑ፣ ከቀዩ ቀለም አውጥተው ላይኛው ሜዳ ላይ አሳረፉት። እኔም አንዱን ጥግ ያዝኩ። «ካሱ፣ እየተሸከምክ ነው ወይስ ተንጠልጥለሃል?» ብለው ሰደቡኝ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ።

የእናትሽ ቤት ብቻ ቀረ።

ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። «የእኔን አትነኩም» አለች።

«አገርነሽ፣ ወረቀቱን ተመልከቺ እንጂ!»

«ማን ጻፈው?»

«ምሁራን።»

«ልጄም ምሁር ናት። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ከሁሉ በፊት ለእኔ ትነግረኝ ነበር። እሷ ትንገረኝና ዛሬውኑ ተሸከሙት።»

ያ ሁሉ ሰው የያዘውን መሎጊያ መሬት አስቀመጠ። ስምሽ ከጸሐፊዎቹ መካከል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አንድም ሰው አልነገራት። እኔ ቀይ ቀለሙን ላሳያት ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ስሞቹ ያሉበትን መስመር ግን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነው የያዝኩት። እናትሽ ፊደል ባትቆጥርም ያንቺን ስም በፈረንጅ ፊደል ቢሆን እንኳ ትለየዋለች፤ ከምረቃ ፎቶሽ ሥር የተጻፈውን በጣቷ እየዳሰሰች ነው ያጠናችው። ካርታውን አየች። ቤቷን አየች። ከዚያ ዓይኗ ጣቴ ላይ ቆየ።

«ጣትህን ምን ሆንክ?»

«ሚስማር ወግቶኝ ነው። ካነሳሁት ይደማል።»

ስንቱን በውሸት አስቄያለሁ፤ ይህ ግን ማንንም አላሳቀም።

አሁን ስሚኝ። ጣቴን ማንሳት እችላለሁ። ባነሳው ቤቱ ያኔውኑ ይነሣል። እሷን ግን ማን ያነሳታል? ከእኔ አፍ ከሰማችው፣ የደበቅሽባት ልጅ ትሆኛለሽ። ካንቺ አፍ ከሰማችው፣ ዘግይተሽም ቢሆን የነገርሻት ልጅ ትሆኛለሽ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለዚህኛው መሣሪያ አያስፈልግሽም።

ደብዳቤውን እንዳጠፍሽ ደውይላት። ስለ መቶኛ አታውሪያት፣ አትናገሩ ስላላችሁ ፕሮፌሰርም አታውሪያት። «እማዬ፣ አውቄ ነበር። ሳልነግርሽ ቀረሁ። ከዚያ ቤት ውጪልኝ» በያት። ትቆጣሽ ይሆናል። ታለቅስ ይሆናል። ስልኩን እንዳትዘጊ፤ ኔትወርክ አለ፣ አረጋግጫለሁ። በመጪው እረፍትሽ ደግሞ ትመጫለሽ፤ ዱቡሻው ላይ ቆመሽ ለሌሎቹም ትናገሪያለሽ። እኔ ከጎንሽ እቆማለሁ። እሰድብሻለሁ፣ ግን ከጎንሽ እቆማለሁ።

የመጋቢት ዝናብ ደርሷል። ዛሬ ጠዋት ከአባያ ሐይቅ ማዶ ደመናው ጠቁሮ አየሁት፤ እንደ ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ይህ መልእክተኛ ዘግይቶ ካደረሰልሽና ቁልቁለቱ ላይ ዝናቡ ከቀደመሽ፣ እኔ ጣቴን አነሳለሁ። ቂሙንም ችዬ እኖራለሁ። እህቴን ለጥናታችሁ አልተዋትም። እስከዚያ ግን ቦታሽን ይዤልሻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ትናንት ልመለስ መኪና ሳስነሳ እናትሽ መጣች። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በመስኮቱ አቀበለችኝ። «ለጣትህ ነው» አለች። ጣቴን ግን ገልብጣ አላየችም። ዓይኔንም አላየችም።

«ሲሻልህ ታነሳዋለህ» ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

አንደበትሽን ጌታ ይፍታው፣ ልጄ።

አጎትሽ ካሱ